የካሳዬ ኦኬ

"ኦኬ … ኦኬ … ኦኬ …"

አይሱዙው በጠባቡ የግቢ በር ወደ ኋላ እየገባ ነው። ላዩ ላይ የድንኳን ብረትና ለሠርጉ የተከራዩ ወንበሮች ተቆልለውበታል። ካሳዬ ከበሩ ጥግ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ፣ የማይታዘዘውን ቀኝ እጁን በግራ እጁ ጭኑ ላይ ይዞ፣ ድምፁን ብቻ እየላከ ያስገባዋል። ታናሽ ወንድሙ አያሌው ከወልድያ መጥቶ ከባጃጅ የወረደው በዚህ መሀል ነበርና ክው አለ። መናገር ያቃተው ሰው መኪና ያስገባል እንዴ? የኋላው ጎማ ደግሞ ወደ ቦዩ እየቀረበ ነው።

አያሌው "አቁም!" ሊል አፉን ሲከፍት ካሳዬ ቀደመው። "ኦኬ!" አለ፣ አጭርና ደረቅ አድርጎ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። "ኦኬኤ" አለ ደግሞ፣ አንድ ነገር ወደ ጎን እንደሚገፋ ሰው ድምፁን አጋድሞ። ሾፌሩ መሪውን አዞረ። መኪናው ግንቡን ሳይነካ ገብቶ ቆመ፤ ካሳዬም አንዲት የመጨረሻ "ኦኬ" በረጅሙ ለቀቀና ወንበሩን ተደገፈ።

"ምልክት ሰጥተውህ ነው?" አለው አያሌው ሾፌሩን።

"ምን ምልክት? በመስተዋት እሳቸው አይታዩኝም እኮ። በድምፃቸው ነው የገባሁት" አለ ሾፌሩ፣ ጥያቄው ራሱ ገርሞት።

ካሳዬ ዕድሜውን ከጅቡቲ ወደብ እስከ መቀሌ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ የመርሳ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ውርጌሳ ሲደርስ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። መኪናውን ዳር አስያዘ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ከዚያ ወደቀ። ደሴ ሆስፒታል ሲነቃ ቀኝ ጎኑ አብሮት አልነቃም፤ ከቋንቋውም የተረፈችው ያቺ አንዲት ቃል ሆነች። ሐኪሙ፣ "ሐሳቡ ሙሉ ነው፤ የተጎዳው ቃል የሚያወጣበት ቦታ ነው" አላቸው። የእናቱን ስም፣ የሚስቱን ስም፣ የፈጣሪን ስም እንኳ መጥራት ያልቻለ ሰው፣ ወደብ ላይ ከባዕድ ሠራተኞች የለቀማትን የፈረንጅ ቃል ይዞ ቀረ። የመርሳ ሰው በዚህ ሳቀም፣ አለቀሰም።

አያሌው ግን ቃል የተረፈው ነው። ወልድያ ላይ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ደንበኛው ለዕቃው ሳይሆን ለአፉ ነው የሚመጣው እያሉ ያሙታል። ሠርግ ካለ መራቂው እሱ ነው። እሱ ምርቃት ከጀመረ ሴቶቹ እንባቸውን ይጠርጋሉ፣ ወንዶቹ እስኪደክማቸው "አሜን" ይላሉ፣ ወጥ ቤት ያሉትም ወጡ እስኪያር ይሰሙታል። ዛሬ ደግሞ የገዛ ወንድሙ አንዲት ልጅ ናርዶስ ልትዳር ነው። ከወልድያ መርሳ ድረስ ምርቃቱን በሆዱ ሲያበጃጅ ነው የመጣው። የቀረው ለቤተሰቡ መንገር ብቻ ነው።

የካሳዬን ሚስት ጥሩወርቅን ጓሮ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ስትልጥ አገኛት።

"እትዬ፣ ምርቃቱን እኔ እንድይዘው ከሙሽራው ወገን ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግሬያለሁ" አላት፣ ቀለል አድርጎ።

"አባት እያለ?"

"ጋሼ እንዳይቸገር ብዬ ነው።"

"እሱ ምን ተቸገረ? የተቸገርከው አንተ" አለች፣ ቢላዋውን ሳታስቀምጥ።

"ሰው ይስቃል እትዬ። ከወልድያ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይመጣል። ልጅቱ ተንበርክካ አባቷ 'ኦኬ' ሲላት ምን ይባላል? ለጋሼ ክብር ብዬ እኮ ነው።"

ጥሩወርቅ በክንዷ ዓይኗን ጠረገች፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ አልታወቀም። "እኔና እሱ ማታ ማታ እናወራለን። አንዳንዴ እንጣላለን፣ እንታረቃለን። ቃል ጎደለን ብዬ አላውቅም" አለች። "ብቻ ከቆረጥክ አንተው ንገረው። እኔ አልነግርልህም።"

አያሌው ይህን የሚስት ፍቅር ነው ብሎ አለፈው። ወደ በሩ ሲመለስ ግን ጎረቤታቸው ኢብቲሳም ለሠርጉ የምታውሰውን ትሪ ተሸክማ ገብታ፣ ከካሳዬ ፊት ቆማ ነበር።

"እንዴት አደሩ ጋሽ ካሳዬ? እንኳን ለዚህ አበቃዎ።"

"ኦኬ" አለ ካሳዬ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደህና ነን።"

"ኦኬ?"

"እሱም ተሽሎታል። ትኩሳቱ ሌሊት ለቀቀው።"

"ኦኬ፣ ኦኬ" አለ፣ አገጩን ወደ አስፋልቱ ማዶ እየጠቆመ።

"እሺ እወስደዋለሁ፣ ይኸ ሠርግ ይለፍና።"

"ኦኬ!" ቆጣ አለ ካሳዬ።

"እሺ በቃ፣ ነገ ጠዋት። አይቆጡ።"

አያሌው ተከትሏት ትሪውን ተቀበላት። "ምን አሉሽ ጋሼ?"

"ልጅሽን ማዶ ያለው ሐኪም ሳያየው አትቀመጪ ነዋ የሚሉኝ። አጠገባቸው ቆመው አልሰሙም እንዴ?" አለችው ኢብቲሳም። እያሾፈች አልነበረም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው።

አያሌው ትሪውን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። አንድ ዓመት ሙሉ ሊጠይቅ እየመጣ፣ አንድ ሰዓት ተቀምጦ፣ ብቻውን ሲያወራ ውሎ ይመለስ ነበር። የወንድሙን ቃል እንደ ሳል ነበር የሚሰማት። ዝም ብሎ አዳምጧት አያውቅም።

ከቀትር በፊት ሊነግረው ቆርጦ ወደ ጓዳ ገባ። ካሳዬ ጀርባውን ሰጥቶት በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሟል፤ በከዘራው ተደግፎ። "ኦኬ ኦኬ … ኦኬ … ኦኬ …" ይላል በለሆሳስ። አያሌው በሩ ላይ ቀጥ አለ። ድምፁ የሚወጣበትና የሚወርድበት መንገድ የሚያውቀው መንገድ ነው። ሳያስበው ከንፈሩ ቃላቱን ሞላባቸው፤ አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር፣ ስምህ ይቀደስ። አንዱም አልተዛነፈም። የዕለት እንጀራችንን የሚለው ላይ ካሳዬ እንደማንኛውም ለማኝ ድምፁን አለሰለሰ፤ በደላችንን ይቅር በለን የሚለው ላይ ትንፋሹ ቆረጥ አለ። አያሌው ቤተ ክርስቲያን ስንት ጊዜ ቆሞ ይህን ጸሎት እየደገመ ሐሳቡ ሱቁ ውስጥ ሲዞር እንደኖረ ታወሰውና ፈራ፤ ያ ትንሽ ጓዳ የሌላ ሰው ቤት መሰለው።

ያኔ መመለስ ይችል ነበር። ግን ሽማግሌዎቹን አነጋግሯል፣ ምርቃቱንም አዘጋጅቷል።

"ጋሼ" አለው ጸሎቱ ሲያበቃ። "ዛሬ ናርዶስን እኔ ልመርቃት አስቤያለሁ። ሰው ፊት እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። ምን ይመስልሃል?"

ካሳዬ ዞሮ አየው። አያሌው ኦኬን ጠበቀ፤ የተቆጣችውን፣ የለሰለሰችውን፣ የመጣችውን። ምንም አልመጣም። ካሳዬ ቀስ ብሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ከዚያ በኋላ ቀኑ ሮጠ። የወልድያዎቹ አውቶቡሶች ክላክሳቸውን እያንባረቁ ገቡ፤ ሙሽራው ፍፁም በሚዜዎቹ ታጅቦ ደረሰ፤ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ። ካሳዬ አዲስ ሱፍ ለብሶ ድንኳኑ ውስጥ በክብር ተቀምጧል። እንግዳ ሁሉ እየመጣ ጉልበቱን ይነካል፣ እሱም ራሱን ይነቀንቃል። ናርዶስ ቬሎዋን ሰብስባ አያሌውን ወደ ጥግ ሳበችው።

"አጎቴ፣ አባዬ ምን ሆኗል?"

"ምንም አልሆነ። ደክሞት ይሆናል።"

"ከረፋድ ጀምሮ አንድም ነገር አላለም። ቬሎውን ለብሼ ስወጣ እንኳ ዝም ብሎ አየኝ። ሆስፒታል ሳለም እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም። ሌላ ሕመም ይሆን?"

ሕመሙ ሁሉን ሲወስድ የተዋትን አንዲት ቃል እኔ ነኝ የወሰድኩበት፣ አለ አያሌው በልቡ። "ሕመም አይደለም የኔ ልጅ፣ ግቢ" አላት።

መሰናበቻው ደረሰ። ሙሽሮቹ ከካሳዬ ፊት ተንበርክከው ጉልበቱን ሳሙ። ኦርጋኑ ዝም አለ። ከወልድያ የመጡት ሽማግሌ አቶ ታደሰ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ "በል አያሌው፣ ያን አንደበትህን አምጣ" አሉ። ሕዝቡ ያውቀዋልና ከወዲሁ ተደላድሎ ተቀመጠ። ማይኩ እጁ ገባ። እንደ አብርሃምና ሳራ፣ ውለዱ ክበዱ፣ የወጣችሁበት ይቅናችሁ፤ ሁሉም ምላሱ ጫፍ ላይ ተሰልፎ ነበር። ካሳዬ እሱን አላየውም። የልጁን አናት ብቻ ነበር የሚያየው።

አያሌው ጎንበስ አለና ማይኩን ወንድሙ አፍ አጠገብ ያዘ።

"አንተ ነህ ጋሼ። አጥፍቻለሁ" አለው። ማይኩ ይህንንም ለድንኳኑ ሁሉ አሰማበት።

ካሳዬ ቀና ብሎ ወንድሙን አየው፣ ብዙ አየው። ከኋላ ሰው አንሾካሾከ፣ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ከዚያ ካሳዬ ግራ እጁን ናርዶስ ራስ ላይ አደረገና፣ "ኦኬ" አለ፣ ከሆዱ አውጥቶ መጨረሻዋን ወደ ላይ አንስቶ፣ የአባቶች ምርቃት እንደሚነሳው። የሚመልስ ጠፋ። ወልድያዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"አሜን" አለ አያሌው ብቻውን።

"ኦኬ፣ ኦኬ።"

"አሜን" አሉ ጥሩወርቅና ኢብቲሳም፣ የመርሳም ሰው ተከተለ።

ካሳዬ አላቆመም። አንዷ ኦኬ እንደ ረጅም ሜዳ የተዘረጋች ናት፤ ዕድሜ እንደለመነ ማንም አልጠፋውም። አንዷ እንደ እሹሩሩ ትወዛወዛለች፤ ልጅ የምትለምን እንደሆነች አሮጊቶቹ ዐውቀው ፈገግ አሉ። አንዷን መሀል ላይ ድምፁ ከዳውና ጨርሶ ለማውጣት ሁለቴ ሞከረ፤ እሷን ናርዶስ ብቻዋን ተቀብላ አለቀሰች። ከዚያ ወደ ፍፁም ዞረና አጭርና ጠንካራ አንዲት ሰነዘረ።

"እሺ አባባ፣ እጠብቃታለሁ" አለ ሙሽራው ደንግጦ። ድንኳኑ ሳቀ። አያሌው የፈራው ሳቅ ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲያ "አሜን" የሚለው ድምፅ በሁለቱም አውቶቡስ ከመጣው፣ ከጓሮው፣ አጥሩ ላይ ከተንጠላጠለውም ሰው አንድ ላይ ይመጣ ነበር። አያሌው ስንት ሠርግ ላይ መርቆ፣ ምርቃት ምን እንደሆነ ዛሬ ገና የሰማው መሰለው፤ ገረመው፣ በጣም ገረመው።

ካሳዬ እጁን ከልጁ ራስ ላይ አነሳ። አቶ ታደሰ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን አበሱ።

"በል አያሌው፣ አሁን ደግሞ አንተ አክልበት። ያንተን ለመስማት ነው እኮ ይኸ ሁሉ ሰው" አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። አያሌው ማይኩን አየ፣ ወንድሙን አየ።

"ተመርቀዋል እኮ፣ ጋሽ ታደሰ። ምን ቀረና?" አለ፤ ማይኩንም ለኦርጋን ተጫዋቹ መልሶ ከሰዉ መሀል ገብቶ ተቀመጠ።