ቁልቁለቱ የማይመልሰው ዳገት

የመንደራችን የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ከገበያው ጀርባ ነው። ማሽኑ አንድ ብቻ ነው፤ ቁመቱ የቁም ሳጥን ያህላል፣ መስታወቱ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። ከዚህ እስከ ከተማ ሌላ ማሽን ያለው ድልድዩ ጋ ነው፤ እሱም ከኛው ይብሳል እንጂ አይሻልም።

የዚያን ቀን ጠዋት አባዬ የመክፈያ ካርዱን ወደ ማሽኑ ሊያስጠጋ ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ። ማታ ያየነው ዋጋ በሌላ ተተክቷል። ባለፈው ጭማሪ የከፈትነውን አፍ ገና አልዘጋንም ነበር።

«ይሄ ነገር ታሟል እንዴ?» አለው የማሽኑን ዘበኛ።

«ጤነኛ ነው ጋሼ። ዋጋው ከላይ ነው የሚመጣው፤ እኔም እንደርስዎ ጠዋት ነው ያየሁት።»

«ከላይ ማለት ከሰማይ ነው?»

«ከሰማይ ቢሆንማ አንዳንዴ ያባራ ነበር።»

አባዬ አልሳቀም። ከተማ ውስጥ ያው ኤሌክትሪክ በግማሽ ዋጋ ነው የሚሸጠው። ሽቦው በኛ ጣሪያ ላይ አልፎ ነው እነሱ ጋ የሚደርሰው፤ እዚያ ሲደርስ ይረክሳል። ገመዱን ወደ መስቀያው መለሰው።

«ያለው ያደርሰናል። ከተማ ገብተን እንሞላለን።»

የባትሪውን ቁጥር አየሁት፤ ከግማሽ በታች ነበር። «አባዬ፣ ሰው ሲሞላ ግን…» አልኩ።

«ቁልቁለቱ ይመልስልናል።»

ይህ ውሸት አይደለም። በኤሌክትሪክ የምትሄደው ሚኒባሳችን ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኑ ጥቂት ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። አባዬ ከመኪናዋ ሁሉ ይህን ነገር ነው የሚወደው፤ የጉልበቱ ዋጋ ይመስል ለሰው ሁሉ ያወራል። ግን ወደ ከተማ ስንሄድ ዳገቱ ከቁልቁለቱ ይበልጣል። ይህን አውቅ ነበር። «ግን» ካልኩ በኋላ ያለውን ዋጥኩት።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እስካገኝ የአባቴ ረዳት ነኝ። በር እከፍታለሁ፣ ሂሳብ እቀበላለሁ። የምንሄድበትን መጣራት አልሆነልኝም፤ ደግነቱ መኪናዋ የት እንደምትሄድ ሁሉም ያውቃል። ፀጉር አስተካካዩ፣ ከተማ ባለው ሱቁ ለመዋል በየቀኑ አብሮን የሚሄደው፣ «ድምፅ አልባዋ» ይለኛል። አባቴን ደግሞ በአነዳዱ ምክንያት «ጋሽ ቀስታ» ይለዋል። ታሪፍ እንጨምር ባልኩ ቁጥር ጋሽ ቀስታ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፤ «እነሱስ ከየት ያምጡት?» እውነቱን ነው። ለዚህም ነው መከራከር የማይቻለው።

የዚያን ቀን ቀድማ የገባችው ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ዓይኗን ሞራ ከጋረዳት ወዲህ ክር ማስገባት አቅቷት፣ ማታ ማታ እየሄድኩ ለነገ የሚበቃትን መርፌ ሁሉ ክር አስገብቼበት መርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ደርድሬላት እመጣለሁ። ቀዶ ጥገና የሚያደርገው ሐኪም ከተማ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ይህን ቀጠሮ ከክረምቱ በፊት ጀምራ ነው የጠበቀችው። ረፋዱ ሳያልፍ መድረስ ነበረባት። ነጠላዋ ታጥቦ ተተኩሷል።

«ዛሬ ነው እንግዲህ የኔ ልጅ። ከዚህ በኋላ እኔ ቤት ሥራሽ ወሬ ብቻ ነው» አለችኝ።

«እናደርስሻለን እትዬ፤ አታስቢ» አለ አባዬ በመስታወት እያያት።

ደግሞም እንደርስ ነበር፤ መንገድ ላይ ሰው ባንጭን ኖሮ። በኛ መንገድ ግን የቆመ ሰው አይታለፍም። ሽንኩርት ሻጯ ከሁለት ማዳበሪያዋ ጋር ቆማለች፤ ጫንናት። አናጢው አዲስ የሠራውን በር ተሸክሞ ቆሟል፤ በሩን ጣሪያ ላይ አሰርነው። ነፋሱ በሩን ወደ ኋላ ሲገፋው መኪናዋ ስታቃስት ይሰማኛል።

«በር ያላት መኪና ላይ ሌላ በር!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ጋሽ ቀስታ፣ ቤት እየሠራን ነው የምንሄደው?»

አባዬ ባትሪ ለመቆጠብ ማሞቂያውን አጠፋ። መስታወቱ በትንፋሽ ሲጋረድ እኔ ከጎኑ ሆኜ በጨርቅ እወለውላለሁ።

«ዛሬ ደግሞ እኛ ነን መኪናዋን የምናሞቃት?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ አባዬ ጉልበት ያላችሁ ውረዱ አለ። ወረዱ። ልብስ ሰፊዋም ልትነሳ ስትል ክንዷን ይዤ አስቀመጥኳት። ሽንኩርት ሻጯ በመኪናው ጎን እያለከለከች፣ «ከፍሎ በእግር መሄድ እዚህ ቤት ነው ያየሁት» ስትል ሰማኋት። አናት ላይ ስንወጣ ቁጥሩ ቀልቷል።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ሁሉም ተሳፍሮ አንገቱን ወደ ቁጥሩ አሰገገ። አንድ ጨመረ። ፀጉር አስተካካዩ አጨበጨበ። «አያችሁ!» አለ አባዬ፤ የዚያን ቀን ፊቱ የፈካው ያኔ ብቻ ነው። የሚቀጥለው ዳገት ጫፉ ላይ እንኳ ሳንደርስ ያችን አንድ በላት።

ድልድዩ ጋ መቆም ግድ ሆነ። ከፊታችን መኪኖች ተሰልፈዋል፤ ሁሉም የየመንደሩ ናቸው። ሁሉም ጠዋት የየመንደራቸውን ማሽን አይተው፣ እንደ አባዬ አስበው፣ እንደ አባዬ መንገድ ላይ የቀሩ። የድልድዩ ዋጋ ከኛው ይበልጣል፤ ለቆሙበት ጊዜም ለብቻው ያስከፍላል።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ቀስ ብሎ ነበር ያለው፤ አባዬ ግን ሰማ።

ተራችን ሲደርስ ማሽኑ ካርዱን አልቀበልም አለ። አባዬ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቅስ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። እኔ ማሽኑ ላይ ወደተጻፈው ስልክ ደወልኩ። ሙዚቃ ሰማሁ። ሙዚቃው አለቀና እንደገና ጀመረ። በመጨረሻ አንዲት ሴት ምን ልርዳዎት አለች።

«ካርዱን እምቢ አለ… ደግሞ ዋጋው…» አልኩ።

«ዋጋው በማሽኑ ላይ ተገልጿል።»

«ተገልጿል። እሱን እኮ ነው።»

ካርዱን ጠርጌ እንደገና እንድሞክር ነገረችኝና ስለ ትዕግሥቴ አመሰገነችኝ። ትዕግሥት አልነበረኝም። በዝግታ ያናገርኳት ንዴቴን ማሳየት ስለማልችልበት ነው።

ካርዱን ጠርገን ደጋግመን ስንሞክር ማሽኑ ተቀበለው። ኃይል እስኪገባ ወደ መኪናዋ ስመለስ ልብስ ሰፊዋ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

«ፀሐይዋ የት ደረሰች የኔ ልጅ?»

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ልትደርስ ነበር። «ገና ናት እትዬ» አልኳት።

ከተማ ስንደርስ ክሊኒኩ በር ላይ ነርሷ ወረቀቱን አየችና ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሙ ተረኞቹን ማየት ጀምሯል፤ በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ገብቷል፤ ሐኪሙ ሌላ ጊዜ ሲመለስ ይደወልላታል። መቼ ነው የሚመለሰው? አለ አባዬ። አይታወቅም። ልብስ ሰፊዋ ነርሷን አመሰገነች። ከዚያ አባዬ ወደቆመበት ዞረች፤ በድምፁ መሆን አለበት ያወቀችው።

«አንተ ምን ታደርግ። መንገድ ነው።»

አባዬ ኮፍያውን ይዞ ቆሞ ነበር። ብትሰድበው ይቀለው ነበር። ማታ እንደወትሮው ሄጄ መርፌዎቿን ደረደርኩላት።

በማግስቱ አባዬ ዋጋውን ሳያይ ካርዱን አስጠጋና ገመዱን ሰካ። መንገደኛው ገብቶ ሞላ።

«ንገሪያቸው» አለኝ፣ ዓይኑን ከገመዱ ላይ ሳያነሳ።

በሩ ደፍ ላይ ቆምኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ታሪፉ ጨምሯል» አልኩና አዲሱን ነገርኳቸው። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ፤ ዘበኛው እንኳ ዞሮ አየኝ።

«ለካ ድምፅ አላት!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም አልሳቀም። እያጉረመረሙ ኪሳቸውን ዳበሱ። ዛሬ ከመነሻው የተሳፈረችው ሽንኩርት ሻጭ ከመቀነቷ ፈትታ ያወጣችውን ብር መዳፏ ላይ አየችው፣ አየችውና መዳፏን መልሳ ዘጋች።

«ወራጅ አለ» አለች።

መኪናዋ ገና አልተንቀሳቀሰችም። ማዳበሪያዎቹን አወረድኩላት። አንዱን ለዘበኛው አደራ ሰጠች፤ ሌላውን ተሸከመችና መንገዱን ጀመረች።

ሞልተን ስንወጣ ዳገቱ ሥር ደረስንባት። አባዬ ፍሬን ያዘ። እኔም በሩን ከፈትኩ። ሽንኩርት ሻጯ ሸክሟን ሳታወርድ፣ ሳትቆጣም፣ በነፃ እጇ እለፉ አለችን።