የጓዳው የኋላ በር

ዋርሳዋ ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ አናት አውርዶ አቧራውን በመዳፉ ሲጠርግ፣ መምህሯ የባሏን ሸሚዞች እያጣጠፈች ታቀብለዋለች። ባሏ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሰው ሥራ ያያል።

«ማን ሊሄድ ነው?» አለ።

«አንተ ነሃ! እኔ ጋ ልትሰነብት» አለው ታላቅ ወንድሙ።

«ጥሩ ነዋ። ለመሆኑ ይሄ ቤት የማን ነው?»

«የእኛ ነው» አለች መምህሯ።

«አይ እንግዲህ! እኔ እዚህ ቤት ገብቼ አላውቅም።»

ይህንኑ ጠዋትም ብሏል፤ ትናንትም ብሏል። አንጎሉን ያጠቃው ሕመም ከለቀቀው ወዲህ የድሮው ሁሉ አለለት። ሠርጋቸውን፣ የኤሌክትሪክ ሥራውን፣ እሷን የሚያበሽቅባትን ቀልድ ሳይቀር ያስታውሳል። አዲስ ነገር ግን አይይዝም። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ የተከራዩት ይህ ቤት ለእሱ ሁልጊዜ የሰው ቤት ነው። «መታጠቢያ ቤት»፣ «ወጥ ቤት» ብላ በየበሩ ወረቀት ብትለጥፍለት «ወይ ጉድ፣ ዘንድሮ በርም ፊደል ቆጠረ!» ብሎ ሳቀባት። በቀደም ደግሞ አስተምራ እስክትመለስ ከቤት ወጥቶ፣ የድሮ ቤታቸውን በር ሲያንኳኳ ተገኘ። እሱን ለመጠበቅ ግማሽ ቀን ብቻ ስለምታስተምር፣ ትምህርት ቤቱም ወይ ሙሉ ቀን ግቢ፣ ወይ ሌላ እንቅጠር ብሏታል። ቢቸግራት ለዋርሳዋ ደወለች። እሱም ወንድሜን እኔ እወስደዋለሁ አላት፤ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች።

የሚገርመው፣ የምታስተምረው ሥነ ልቦና ነው። ስለ ማስታወስ ስታስተምር ሰሌዳው ላይ ቤት ትሥላለች። «ዓይንና ጆሯችሁ በረንዳው ነው፤ መጪው ሁሉ እዚያ ይቆማል። ልብ ያላችሁት ብቻ ሳሎን ይገባል። ሳሎኑ ጠባብ ስለሆነ አዲስ እንግዳ ሲመጣ የቆየው ይነሣል። ደጋግማችሁ ያስተናገዳችሁት ግን ጓዳ ይዘልቃል፤ ጓዳ የገባ ደግሞ ይከርማል» ትላቸዋለች። ይህን ሥዕል ትወደው ነበር። የሰውን ልጅ ያህል ነገር በሦስት ክፍል ማኖር ቀላል ነው እንዴ! ባሏ ከታመመ ወዲህ ግን ስትሥለው እጇ ይከብዳል። የእሱ ጓዳ ተቀርቅሯል፤ እንግዳው ሁሉ ከሳሎን ይመለሳል።

ሻንጣው ተሞላ። ወጡና በሩን ገፍተው ዘጉት፤ ሲገፉት ራሱ የሚቆለፍ በር ነው። መኪናው ጋ ሳይደርሱ ዝናቡ ወረደ፤ ምን ዝናብ፣ ዱላ ነው እንጂ!

«ጃኬቴስ?» አለ ባሏ።

«ቁልፉን ስጪኝ፣ እኔ አመጣለታለሁ» ብሎ ዋርሳዋ ተመለሰ። ሁለቱም ተከተሉት።

ይሄ ቁልፍ ጉደኛ ነው። አናጢው ገልብጦ ስለገጠመው፣ እንደ ደንቡ ካዞሩት ንቅንቅ አይልም። እጀታውን ወደ ላይ ማንሣት፣ በሩን ወደ ራስ መሳብ፣ ከዚያ ቁልፉን በተቃራኒው ማዞር ነው። መምህሯም እስክትለምደው ድረስ ስንቴ ደጅ ቆማ አልቅሳበታለች።

«ይሄ ቁልፍ ነው ወይስ ባላጋራ?» እያለ ዋርሳዋ ታገለ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እጀታውን…»

ተናግራ አልጨረሰችም። ባሏ ሻንጣውን አስቀምጦ ወንድሙን በትከሻው ገፋ አደረገው። «ወዲያ በል እስቲ! ዝናብ ሊጨርሰን ነው።» እጀታውን አነሣ፣ በሩን ሳበ፣ ቁልፉን በተቃራኒው አዞረ። ቀጭ! ጨለማው ኮሪደር ውስጥ ገብቶ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ እጁን ከመጋረጃው ኋላ ሰደደ፤ መብራቱ በራ።

ዙሪያውን ተመለከተ። «ጥሩ ቤት ነው። የማን ነው?»

መምህሯ ደጅ እንደቆመች ቀረች፤ ዝናቡን ረስታዋለች።

«ቁልፉን ማን አሳየህ?» አለችው።

«የምን ቁልፍ? በር መክፈትም ይማሩታል እንዴ?»

ከእግር ጉዞ በተመለሱ ቁጥር «አምጪ እባክሽ» እያለ ቁልፉን ይነጥቃታል። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሰው ይታገል ነበር፤ መታገሉን መቼ እንደተወ ልብ አላለችም። ሌላ ሰው ሲያቅተው ገና ዛሬ አየችው። ለካስ ጓዳው የኋላ በር አለው! ይህንንም እኮ ታስተምራለች፣ ያውም ደወል ሊደወል ሲል በጥድፊያ፤ አፍ የሚናገረው ሌላ፣ እጅ የሚያውቀው ሌላ ነው እያለች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህን ሰው ግን ቁልፍ አወጣው። እነሱ አይማርም ብለው ሲቆርጡ፣ እሱ ሳያውቀው በየቀኑ ሲማር ከርሟል። ኮራችበት።

«ጋሼ፣ አይሄድም» አለች።

«ምን ነካሽ? አንድ በር ስለከፈተ?»

«ቁልፉን የተማረ መንገዱንም ይማራል። ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት፣ እግሩ እስኪይዘው በአንድ መንገድ አመላልሰዋለሁ።»

«አንቺ ስታስተምሪስ?»

«ርእሰ መምህሩን ለምኜ ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ። ትምህርቴ የማይሰለቸው ተማሪ እሱ ብቻ ነው።»

ዋርሳዋ ሳያስበው ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ኮስተር አለ። «ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ራሴ እደውልልዎታለሁ።»

ዋርሳዋ ወንድሙን ቆሞ አየው፤ ያ ጃኬቱን ለብሶ መስተዋት ፊት ኮሌታውን ያስተካክላል። ከዚያ ዋርሳዋ ሻንጣውን አንሥቶ ወደ ውስጥ አስገባው። «እንግዲያው ነገ ሠራተኛ ይዤ መጥቼ ይህን ቁልፍ አስቀይርላችኋለሁ። ሰው እንዴት በተገለበጠ ቁልፍ ይኖራል?»

«እንዳይነኩብኝ!» ብላ ጮኸች። ዋርሳዋ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ራሷም ደነገጠች።

ቁልፉን ከበሩ ነቅላ በባሏ ጃኬት ኪስ ውስጥ ከተተችው። ባሏ አውጥቶ አገላብጦ አየው።

«የምን ቁልፍ ነው?»

«እጅህን ጠይቀው» አለችው።