ከበሮው ዝም ሲል

ከበሮ መቺው መድረኩ ጥግ የሚቀመጠው በሩ እንዲታየው ነበር። ታናሽ እህቱ ባሏን ፈትታ እሱ ቤት ከገባች ወዲህ፣ ባልየው ባገኘው ሰው ሁሉ «ስትጨፍር እገላታለሁ» እያለ ይልክባታል። ወሬ እግር አለውና አብረው ግጥምና ጭፈራ የሚያሳዩበት ቡድን በሙሉ ሰምቷል። ገጣሚዋ «ዛሬ ይቅርብሽ» ብትላት፣ የጫማዋን ማሰሪያ እያጠበቀች፣ «እሱን ፈርቼ ቤት ከዋልኩማ ምኑን ፈታሁት?» አለቻት።

ወንድሟ ግን ከበሮውን እየወጠረ በሩን በሩን ያያል።

«ጋሼ፣ ፊትህን ፍታው እንጂ። ሰው ለቅሶ የመጣ ይመስለዋል።»

«አንቺ ጨፍሪ። በሩን ለኔ ተይው።»

በካሜራው ብልጭታ የተነሳ «መብረቅ» የሚሉት ፎቶ አንሺ፣ «አትቆምምና፣ እሷን ባነሳሁ ቁጥር የሚወጣልኝ ጭስ ነው» እያለ ሲያማርር ከርሞ አንድ ደንብ አስወጥቷቸው ነበር። ከበሮው በጭፈራው መሃል ድንገት ዝም ካለ፣ እሷ እግሯ አየር ላይ ቢሆን እንኳ ባለችበት ትደርቃለች፤ መብረቅ ያነሳታል፤ ከበሮው ሲመለስ ጭፈራው ይቀጥላል። ተመልካቹም ነገሩን ወዶት፣ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቅና ያጨበጭባል። እህትና ወንድም ሳሎን ውስጥ ደጋግመው ከመለማመዳቸው የተነሳ፣ ሰውነቷ ሳታዘው ይቆም ጀምሯል።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ገጣሚዋ ግጥሟን አንብባ መድረኩን ለቀቀችላት። ከበሮው ጋለ፣ እሷም ጋለች። ወንድሟ ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም።

ባልየው በበሩ አልመጣም። ከፊተኛው ወንበር ተነሳ። ለካ ጺሙን ተላጭቶ፣ የሰው ኮት ለብሶ፣ ለግጥሙ እያጨበጨበ እዚያው ተቀምጦ ኖሯል። መድረኩ ላይ እየወጣ ከእጅጌው ጩቤ ሲመዝ ከበሮ መቺው አየው። እጁ ከዳው። ከበሮው ዝም አለ።

እህቱ ጀርባዋን ለአዳራሹ እንደሰጠች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ቀጥ አለች።

«ሩጪ» ብሎ ሲጮህ ጩቤው ጎኗ ገብቷል። መብረቅ ብልጭ አደረገ። አዳራሹ አጨበጨበ። ባልየው ነቅሎ ሲደግማት እንኳ የሚያጨበጭብ ነበር።

ከበሮ መቺው ከበሮውን በማንገቻው አንስቶ የባልየው ፊት ላይ አሳረፈው። ጥርስ ሲሰበር ተሰማ። ከወደቀም በኋላ አልተወውም፤ እንጨቱ እስኪሰነጠቅ፣ ቆዳው በደም እስኪርስ ወቀጠው። መብረቅ ከኋላ አንገቱን ይዞ ጎተተው።

«ተወው፣ እየጠራችህ ነው።»

ገጣሚዋ ታቅፋታለች። ቁስሏን በሻርፗ ደፍናዋለች፤ ደሙ ግን በጣቶቿ መሃል ይወርዳል።

«ጋሼ።»

«አለሁ።»

«ምነው አቆምክ? ገና ነበርኩ እኮ።»

አይቼው ነው ሊላት አፉን ከፈተ። እንዲያ ካላት ግን፣ ቆማ የጠበቀችው ጩቤውን እንደነበር ይገባታል።

«ደከመኝ» አላት።

«አንተ ሰነፍ» አለችው። ልትስቅ ነበር፤ አፏን ደም ሞላው።

እጁን ከቀዘቀዘው እጇ ያላቀቀችው ገጣሚዋ ናት።