የአያ ከድሩ ቀኝ ዓይን

አዋሽ ሰባት ኪሎ ውስጥ ጎሚስታ ሞልቷል። ስድስት ዓመት ሙሉ አልሞ ተኳሽ ሆነው አንድም ሰው ያልመቱ ጎሚስታ ግን አንድ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም አያ ከድሩ ናቸው። የሰፈሩ ልጆች በዚህ ይምሉ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ የጂቡቲ መንገድ ከባድ መኪኖች ጎማ ለማስለጠፍ ቤታቸው ደጃፍ ሲሰለፉ፣ ልጆቹ ከተከመረው አሮጌ ጎማ ላይ ይወጡና "አያ ከድሩ፣ የጦርነቱን!" ይላሉ። አያ ከድሩም ካላማዳሪውን በርሜሉ ውሃ ውስጥ እየነከሩ፣ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ እየፈለጉ ይጀምራሉ። ወሬው ሁልጊዜ ስለ ሰሜን ግንባር ነው፤ ሁለት ምሽግ ፊት ለፊት ተፋጦ ክረምትና በጋ ስለሚፈራረቅበት ቦታ። አንድ ቀን ከወዲያኛው ምሽግ አንድ ረጅም ሰው ሸሚዙን ሊያሰጣ ብቅ ይላል። ሌላ ቀን አንዱ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወደ ምንጭ ይወርዳል። አንዱ ደግሞ ጺሙን ሲላጭ መስታወቱ ብልጭ ይላል።

"ትንፋሼን ግማሹን አወጣሁና የቀረውን ያዝኩት" ይላሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ያን ጊዜ ልብ እንኳ ጸጥ ይላል። ጣቴን ሳብ አደረግሁና..."

ልጆቹም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ጎማ የሚያስለጥፈው ሾፌር ሳይቀር ይይዛል።

"...ሳትኩታ!"

"እሰይ!" ይላሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ። እንዲህ እንዲሉ ያስተማሯቸው ራሳቸው አያ ከድሩ ናቸው። "እሰይ" ያላለ ልጅ በማግሥቱ ሌላ ታሪክ አይነገረውም።

ከሁሉም አስበልጣ "እሰይ" የምትለው የልጅ ልጃቸው ሙኒያ ነበረች። እናቷ ዓረብ አገር ስለሄደች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ነፍስ ስታውቅ ግን የአያቷ ነገር ያሳፍራት ጀመር። የጓደኞቿ አያቶች ታንክ ማርከዋል፣ ድልድይ አፍርሰዋል፤ የእሷ አያት ሸሚዝ የሚያሰጣ ሰው ስተዋል። "አባባ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሲስቱ እንዴት አላባረሩዎትም?" ብላ ጠይቃቸዋለች። "ሌላ ሰው ስላጡ ነዋ!" ብለው ሳቁ።

ሌላም ነገር ነበራቸው። ሰው ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ቀኝ ዘወር አድርገው፣ እንደ ዶሮ፣ በግራ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚያዩት። ሙኒያ ይህን እንደ አመል ቆጥራ፣ አዋሽ አርባ ሠርግ ቤት ሳይቀር እያስመሰለች ዘመድ ታስቅበት ነበር።

ዛሬ ሙኒያ ሰመራ ነው የምትኖረው። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ሰላሀዲን የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር አግብታ ቀረች። ከሦስት ወር በፊት ልጅ ወለደች፤ ዙሌይካ ተባለች። ሰላሀዲን ከአዳማ ሲመለስ አዋሽ ላይ ቆመና አያ ከድሩን ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ አመጣቸው። እሳቸውም መንገዱን ሙሉ ገዋኔን በጠረኑ፣ ሚሌን በንፋሱ እየለዩ ሲነግሩት፣ ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው እያለ ተደነቀ።

ጉዳቸው የወጣው በማግሥቱ ነው። ዙሌይካን ታቅፈው ራሷን አሸተቱ፤ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ከዚያ "ማንን ትመስላለች?" አሉ። ሙኒያ ቀልድ መሰላት። ቁርስ ላይ ግን ሻዩን ከብርጭቆው ጎን ጠረጴዛው ላይ ቀዱት። ትኩሱ ጭናቸው ላይ ሲንጠባጠብ እንኳ ምንም እንዳልሆነ መቅዳቱን ቀጠሉ። ሙኒያ ማንቆርቆሪያውን ከእጃቸው ተቀብላ እጇን ፊታቸው ላይ አወዛወዘች። ዓይናቸውን አላርገበገቡም።

መታወራቸውን ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቀዋት ኖረዋል። ጎሚስታ ቤቱንም አልዘጉም፤ ካላማዳሪውን ጉንጫቸው ላይ አስጠግተው የሚያፈስበትን በቆዳቸው ነበር የሚያገኙት። ዓይን አያረጅም ያለ ሰው የአያ ከድሩን ዓይን አላየም።

ሙኒያ ክሊኒክ ወሰደቻቸው፤ ሐኪሙም አይቶ እቅጩን ነገራቸው። የግራው በዓይን ግፊት ስላለቀ ተስፋ የለውም። የቀኙ ግን የቆየ ሞራ ብቻ ነው፤ በሃያ ደቂቃ ይገፈፋል። "ከቆየ ግን የግራው ዕጣ ይደርሰዋል፤ እንኳን ወር ሳምንትም አታዘግዩት" አለ። ዕድል ሆኖ እዚያው ሰመራ የነፃ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ እየተካሄደ ነበር፤ አንድ ቀን ቀርቶታል። ሙኒያ በደስታ አለቀሰች። አያ ከድሩ "ኢንሻአላህ" ብቻ አሉ።

በመጨረሻው ቀን ገና ሳይነጋ ባጃጅ ተሳፍረው ሄዱ። ዙሌይካን ለጎረቤት ትተው ነው። ከድንኳኑ ፊት ወረፋው ከወዲሁ ተጠማዝዟል። ከፊት ሲስተር ኮከብ የምትባል ነርስ ድንኳኑ ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ በበትር እየጠቆመች በሽተኛውን ሁሉ ትጠይቃለች። ሰሌዳው ላይ ያለው ሹካ የሚመስል ምልክት ነው፤ የሹካው ጥርስ ወዴት እንደዞረ መናገር ነው። የሚያይ ወደ ቤቱ፣ የማያይ ወደ ሐኪሙ።

"ይሄኛውስ?"

"ወደ ታች።"

"ይሄስ?"

"ወደ ቀኝ... አይ፣ አላየሁትም።"

አያ ከድሩ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሙስበሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ይቆጥራሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሙኒያ ዚክር እያደረጉ፣ አላህን እያወሱ ነው ብላ አልረበሸቻቸውም። እስከ ቀትር ድረስ እንዲህ ቆዩ።

ተራቸው ደረሰ። ሲስተር ኮከብ በትሯን አነሳች። አያ ከድሩ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ወደ ታች። ወደ ቀኝ። ወደ ላይ። ወደ ቀኝ። ወደ ግራ። ወደ ታች" እያሉ አራት መስመር ሳይሳሳቱ ወረዱት። እንዲያውም ሁለቱን በትሩ ሳይደርስ ነው የመለሱት።

ሲስተር ኮከብ ሰሌዳዋን አየች። የሽማግሌውን ዓይን አየች፤ ሞራው ከሩቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ሙኒያን አየች። ሰሌዳውን ቀስ ብላ ነቀለችና ገልብጣ ሰቀለችው።

"አባቴ፣ እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ።"

"ወደ ታች። ወደ ቀኝ። ወደ ላይ..."

ወረፋው በሳቅ ፈነዳ። ሙኒያ ያን ጊዜ ነው ሙስበሃው የገባት። አንድ ፍሬ አንድ አቅጣጫ! ከፊታቸው የተጠየቀውን ሰው ሁሉ መልስ እየሰሙ ሰሌዳውን እንደ ጠላት ምሽግ በቃላቸው ይዘውታል። የድሮ ሙያ አይረሳ! አያ ከድሩ ሳቁን ሲሰሙ ገባቸው። "አልፈልግም በቃ! ዓይኔ የራሴ ነው!" ብለው በኩራት ተራመዱና ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር ተላተሙ።

"በግድ አንሠራም" አለች ሲስተር ኮከብ ለሙኒያ በሹክሹክታ። "እስከ ስምንት ሰዓት ግን አለን። ካርዱን ያዢው።"

ከግቢው ጥግ አንዲት ዛፍ ነበረች፤ ሙኒያ ሥሯ ወስዳ አስቀመጠቻቸው። ውሃ ሰጠቻቸው። ግንባራቸው ላይ እብጠቱ ጉች ብሏል። ንዴቷን ለመዋጥ ብዙ ጊዜ ፈጀባት።

"ቢላዋውን ፈርተው ነው?"

"እኔ? ቢላዋ?" አሉ ተቀይመው።

"እና ምንድን ነው አባባ? ልጄን ማየት አይፈልጉም?"

አያ ከድሩ ሙስበሃውን ኪሳቸው ከተቱት።

"ሙኒዬ፣ ስንት የጦርነት ታሪክ ነግሬሻለሁ?"

"ምን ይቆጠራል።"

"ስንቱን ሰው መታሁ?"

"አንድም።"

"ስድስት ዓመት አንድም ሰው ያልመታ ተኳሽ እጅ ላይ ባለ መነጽር ጠመንጃ ይቆያል? አንቺ የተማርሽ ነሽ።"

ይሄን ጥያቄ ሙኒያ ራሷ በልጅነቷ ጠይቃ ነበር፤ መልሱን ግን አንድም ቀን አስባው አታውቅም።

"የነገርኳችሁ የሳትኳቸውን ነው" አሉ አያ ከድሩ። "እነሱ ቤታቸው ገብተዋል። አግብተዋል፣ ወልደዋል፤ አሁን እንደኔ ተቀምጠው ለልጅ ተረት ያወራሉ። ስለነሱ ባወራ ደስ ይለኛል። የሌሎቹን ምን ብዬ ላውራ? ለልጅ ይወራል?" ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። "ሌላው ወታደር ሲተኩስ የሚያየው ጭስና አፈር ነው። ለኔ ግን መነጽሩ ሰውየውን ያቀርብልኛል። ላቡን አየዋለሁ። ለጓደኛው ሲስቅ ጥርሱን አየዋለሁ። በዚህ ዓይን አስተውዬ ያየሁት ሰው... የለም፤ አላህ ይዘንላቸው። ስመለስ ለራሴ ማልኩ። በዚህ ዓይን የምወደውን ሰው አላይም አልኩ። እናትሽን አላየሁበትም። አንቺንም አላየሁበትም። ሞራው ሲመጣ ሌላው ሰው ያለቅሳል፤ እኔ አልሐምዱሊላህ አልኩ። አሁን አንቺ ይሄን ዓይን አስገፍፈሽ ዙሌይካን በሱ እንዳያት ነው የምትፈልጊው?"

ሙኒያ ያ ወደ ቀኝ ዘወር የሚል ፊት ትዝ አላት። ትምህርት ቤት የሸኛት፣ ስትታመም አልጋዋ ራስጌ ያደረ፣ በሠርጓ ቀን የመረቃት ያ ዘወር ያለ ፊት። እሷ ደግሞ እያስመሰለች ሰው ስታስቅበት ኖራለች። እንባዋ ወረደ። "ዓይን ምን ያደርጋል፣ አጉል እምነት ነው" ልትላቸው ነበር፤ ተወችው። ሠላሳ ምናምን ዓመት የተጠበቀ መሐላ በአንድ የተማረ ሰው ቃል አይፈርስም።

እጃቸውን ያዘችው። ጣታቸው ዛሬም የማስቲሽ ሽታ አለው።

"የሳቷቸው ሰዎች ቤታቸው ገብተዋል አላሉኝም?"

"ገብተዋል።"

"አንቱስ? አንቱ መቼ ነው ቤትዎ የሚገቡት?"

ከአስፋልቱ የተሳቢ መኪና ጩኸት መጣና አለፈ። ሙኒያም እጃቸውን ሳትለቅ ጠበቀች። ሰዓቷን ሦስት ጊዜ አየች። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሽማግሌው ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱ።

"ያቺን ሲስተር ይቅርታ ልጠይቃት" አሉ። "ባለሙያ ናት፤ ሰሌዳውን መገልበጧ ገርሞኛል።"

ሃያ ደቂቃ የተባለው ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሌሊቱን ዓይናቸው በፋሻ ታስሮ እነ ሙኒያ ቤት አደሩ። በማግሥቱ ጠዋት ፋሻው ሊፈታ ዘመቻው ግቢ ወዳለ ክፍል ሲሄዱ ዙሌይካም አብራ ሄደች። ሲስተር ኮከብ አያ ከድሩን ወንበር ላይ አስቀምጣ ፋሻውን ቀስ ብላ ፈታችው። ዓይናቸውን ግጥም አድርገው ጨፍነዋል።

"ይክፈቱ እንጂ አባቴ።"

አልከፈቱም። ሙኒያ ምንም ሳትናገር ዙሌይካን አንስታ ጭናቸው ላይ አስቀመጠቻት። ክብደቷን ሲያውቁ እጃቸው ራሱ ሄዶ ደገፋት። ከዚያ ቀኝ ዓይናቸው ቀስ እያለ ተከፈተ። ፊታቸው እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ሊዞር ሲል ሙኒያ ጉንጫቸውን በመዳፏ ያዘችው፤ ወደ ልጅቷ መለሰችው።

አዩዋት። ዙሌይካም በትልልቅ ዓይኖቿ አፍጥጣ አየቻቸው። አያ ከድሩ ድንጋይ ሆኑ። ሙኒያ ደረታቸውን አየች። ግማሹን ትንፋሽ አውጥተው የቀረውን ይዘውታል። በልጅነቷ መቶ ጊዜ የሰማችው ነው፤ ልብ እንኳ ጸጥ የሚልበት ቦታ ላይ ናቸው።

"አባባ፣ ይተንፍሱ" አለች። "አባባ!"

አልተነፈሱም። ፊታቸው ጠቆረ። ሲስተር ኮከብ ግራ ገብቷት ልትጠጋ ስትል፣ የሰመራ ንፋስ በመስኮቱ አቧራውን ይዞ ገባና ዙሌይካ አስነጠሰች።

"የርሐሙኪላህ!" አሉ አያ ከድሩ፣ ላስነጠሰ ሰው የሚባለው የአላህ ይዘንልሽ ምርቃት ከአፋቸው አምልጧቸው፤ ከቃሉ ጋር የያዙት ትንፋሽ ሁሉ ወጣ። ዙሌይካ ፊቷ ላይ ሲነፍስባት በድድዋ ሳቀችላቸው።

ሽማግሌው አንዴ እሷን፣ አንዴ ሙኒያን ፊት ለፊት እያዩ አለቀሱ። ሙኒያ እንዲህ ሲያዩዋት በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው።

"ሙኒዬ" አሉ፣ እያለቀሱ እየሳቁ። "ሳትኳት!"

"እሰይ!" አለች ሙኒያ፣ ግቢው እስኪሰማ።