የቪብከ ስድስት መቶ ዝምተኞች

ፕሮፌሰር ቪብከ ሃርምሰን ኦልደንቡርግ በሚገኘው ቤቷ ማዕድ ቤት ተቀምጣ ለስድስት መቶ ተማሪዎች ስታቲስቲክስ በኢንተርኔት ታስተምራለች። ታስተምራለች ማለት ትናገራለች ነው፤ የሚሰማት ይኑር አይኑር እግዜር ይወቀው። ተማሪዎቹ ካሜራ አይከፍቱም። ስለ አማካይ ቁጥር የምትቀልዳት አንዲት ቀልድ አለቻት፤ ድሮ አዳራሽ ውስጥ ባታስቅም እንኳ ከኋላ የሚያጉረመርም አይጠፋም ነበር። አሁን ቀልዳ ስትጨርስ የምትሰማው የፍሪጁን ድምፅ ነው።

በዚህ መሃል የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዴትሌፍ ደወለላት። ትምህርቱ በዚሁ መልክ እንዲቀጥል ሊወሰን ስለሆነ፣ ረክታበት እንደሆነ እስከ አርብ እንድትነግረው ጠየቃት። ቪብከ አልረካችም። አዳራሿን ትፈልጋለች። ግን አዳራሹን አስከፍታ የሚመጣ ሰው ቢጠፋስ? ዴትሌፍ እንደሆነ ሰው ማብሸቅ ነፍሱ ነው፤ ጡረታ እስክትወጣ ያወራባታል። ቢሆንም ጨከነችና፣ ሐሙስ አዳራሽ እንደምታስተምር፣ የፈለገ መምጣት እንደሚችል ለሁሉም ጻፈች።

ሐሙስ ፀጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ሹራብ ለብሳ ገባች። ከስድስት መቶው የመጡት ዘጠኝ ናቸው። ከእነሱም አንዱ የመጣው የቤቱ ማሞቂያ ስለተበላሸበት መሆኑን ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። ያም ሆኖ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች።

ብዙም ሳትቆይ ፊት ለፊት የተቀመጠችው ፌንያ እጇን አወጣች።

«ፕሮፌሰር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አሞዎት ነው እንዴ? ዛሬ በጣም ቀስ አሉብን።»

ቪብከ ሁልጊዜም የምትናገረው እንዲሁ እንደሆነ ነገረቻት። ተማሪዎቹ ተያዩ። ለካ በሰዓቱ ስማቸውን ብቻ አስገብተው ቁርሳቸውን ይበላሉ፤ በኋላ የተቀዳውን ትምህርት ከፍተው በእጥፍ ፍጥነት ይሰሟታል። የቪብከ ፊት ቀላ።

«በምታተርፉት ሰዓትስ ምን ትሠሩበታላችሁ?»

«መልሰን እርስዎን እንሰማበታለን» አለች ፌንያ። «በአንዴማ ማን ይገባዋል?»

ቪብከ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ቁጣው ግን እምቢ አላት። ወንበር ስባ መሃላቸው ተቀመጠችና ያልገባቸውን በየተራ እንዲነግሯት ጠየቀች። ቀኑ መሸባቸው።

አርብ ዴትሌፍ ገና ሳቁን አስቀድሞ ስንት ሰው እንደመጣላት ጠየቃት።

«ዘጠኝ» አለችው ሳትደብቅ። «በኢንተርኔቱ እቀጥላለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ግን አንድ ትንሽ ክፍል ስጠኝ። ሰው ዓይኔን እያየ ‹አልገባኝም› ሲለኝ መስማት እንዴት ናፍቆኝ እንደነበር ብታውቅ፣ ዴትሌፍ፣ እንዲህ አትስቅም ነበር።»