አስራ አራት ባልዲ

«መኪናዬን አምስት መንገድ ርቄ ነው ያቆምኩት» አለች ሎሬይን ጫማዋ ላይ ያለውን በረዶ እያራገፈች። «ባዶ ቦታ መች ጠፋ፣ ሁሉም ላይ ወንበር ተገትሯል እንጂ። አንዱማ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ አውጥቶ የድንግል ማርያምን ሐውልት አቁሞበታል። እስቲ ማን ደፍሮ ያነሳታል?»

በርኒስ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ሎሬይን የባሏ እህት ናት፤ ስታለቅስም ስታወራም ማረፊያ የላትም። ከኋላቸው በአበባ መካከል ባሏ ካዝ በተከፈተ የሬሳ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ ልቡ ቆመ። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ በረዶ ሲጥል ዋለ። ሐሙስና ዓርብ በዚህ የስንብት አዳራሽ ለቅሶ ደራሽ ይቀበላሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሳጥኑ ተዘግቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወሰዳል። ዛሬ ሐሙስ ነው።

በዚህ የቺካጎ ሰፈር፣ ከበረዶ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ቆፍሮ ያወጣ ሰው ቦታው የራሱ ነው። ሥራ ሲሄድ ወንበር አቁሞበት ይሄዳል፤ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ያንን ወንበር መንካት የሰው ሚስት ከመንካት አይተናነስም። ፖሊሱም ምንም አይልም፤ እሱም ደጁ ላይ ወንበር አለው።

ከአዳራሹ ጀርባ ቡና የሚጠጣባት ጠባብ ክፍል አለች። በርኒስ ወደዚያ ስትገባ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ማኅበሯ ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተው ይንሾካሾካሉ።

«ደግ ሰው ነበር፤ ያች የቪንስ ነገር ባትኖር።»

«እናት እኮ ናት። ሰው በመኪና ማቆሚያ ተናዶ የሰው እናት...»

ዞር ሲሉ አዩዋት። አንዷ ብስኩቱን አስጠጋችላት። ተከትላት የገባችው ሎሬይን ግን ሹክሹክታ አታውቅም፣ በአደባባይ ጨረሰችው።

«እኔ ነገ ቪንስ ቤት እሄዳለሁ። እግሩ ላይ ወድቄም ቢሆን አመጣዋለሁ። ወንድሜን ይቅር ብዬሃለሁ ይበለው፤ ይህን ተሸክሞ አፈር አይግባ።»

«አትሂጂ» አለች በርኒስ።

«ምነው?»

«አትሂጂ አልኩሽ እኮ።» ሲኒውን በኃይል ስታስቀምጠው ቡናው ጥቁር ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ሴቶቹ ሐዘን ነው ብለው ጠረጉላት።

ሐዘን ብቻ አልነበረም። ከአስራ አንድ ክረምት በፊት፣ ካዝ አውቶቡስ ሲነዳ፣ እንዲሁ ትልቅ በረዶ ጥሎ ነበር። እሁድ ለሦስት ሰዓት ደጃቸውን ሲቆፍር ቆየና፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሁለት የወጥ ቤት ወንበር አቁሞ ሥራ ሄደ። ቀትር ላይ የፊት ለፊት ጎረቤታቸው ቪንስ መጣ። ሆስፒታል የተኛች እናቱን ሲያስታምም አድሮ ዓይኑ ደም መስሏል። ወንበሮቹን አንስቶ በረዶ ክምር ላይ ጣላቸው፣ መኪናውን አቆመ፣ ቤቱ ገብቶ ተኛ። በርኒስ ይህን በመስኮት አየች፤ የእናቱን ነገር ግን አላወቀችም።

ካዝ ሲመለስ መኪናውን አራት መንገድ ርቆ አቁሞ፣ ያንን የታመመ ጉልበቱን እየጎተተ መጣ። «የእንግዳ መኪና ይሆናል፣ ተይው» አለና ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣለው። ጉልበቱ እንደ ሊጥ ተነፍቷል። በርኒስ አየችውና ደሟ ፈላ።

ባልዲ አነሳች። እዚህ ሰፈር ወንበር ያነሳ ሰው ምን እንደሚደረግ ታውቃለች፤ ሌሎች ሲያደርጉት አይታ ስቃለች። ከወጥ ቤት ቧንቧ እየሞላች በመኪናው ጣሪያ፣ በበሮቹ፣ በጎማዎቹ ላይ ደፋች። አስራ አራት ባልዲ። ሳይመሽ መኪናው በረዶ ለብሶ ከአስፋልቱ ጋር ተጣበቀ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ለቪንስ ከሆስፒታል ቶሎ ና ተብሎ ተደወለለት። የመኪናውን በር በመዶሻ ቢለው አልከፈት አለ፤ ታክሲም ወደዚያ መንገድ አልገባም አለ። የአጎቱ ልጅ መጥቶ ሲያደርሰው እናቱ ከሞተች ሃያ ደቂቃ ሆኗት ነበር።

በማግስቱ ቪንስ በራቸውን አንኳኳ። «ማነው ያደረገው?» አለ። ድምፁን እንኳ አላነሳም።

ካዝ ኮሪደሩ ላይ የተጋደመውን ባልዲ አየ። የሚስቱን ቀልተው ያበጡ እጆች አየ።

«እኔ ነኝ» አለ። «በቱቦ።»

በሩ ሲዘጋ በርኒስ ለምን ብላ አለቀሰች። «አንቺ ያለ ሰው መኖር አይሆንልሽም» አላት። «በማኅበሩም በገበያውም ከሴቶቹ ጋር ነሽ። እኔ ቀኑን ሙሉ ለተሳፋሪ ጀርባዬን ሰጥቼ የምነዳ ሰው ነኝ፤ ማንም ባያናግረኝ ምን ይጎድልብኛል?»

ጎደለበት። መጠጥ ቤት ሲገባ ወንዶቹ ወንበራቸውን ያዞሩ ጀመር። ዓሣ ማጥመድ ሲሄዱ መጥራቱን ተዉት። የቆፈረውን ቦታ ማታ ማታ መልሰው በበረዶ ይሞሉበታል፤ ጠዋት ያለ አንዲት ቃል እንደገና ይቆፍራል። በርኒስ በመጀመሪያው ዓመት ፈርታ ዝም አለች። በኋላ ግን ለመደችው፤ አሁን ስታስበው የሚያንገበግባት ይህ መልመዷ ነው። ሳጥኑ ሳይዘጋ ካልተናገረች ካዝ የእሷን ጥፋት ይዞ ይቀበራል። ከተናገረች ደግሞ የቀሯት ሰዎች እነዚህ ሴቶች ናቸው፣ እነሱንም ታጣለች።

ዓርብ ቀትር ላይ መንገዱን ተሻገረች። ቪንስ ደጁ ላይ በረዶ እየዛቀ ነው። ቀና ብሎ አያትና ወደ አካፋው ተመለሰ።

«ነፍስ ይማር» አለ። «እህቱ ከሆነች የላከችዎት፣ አልመጣም። ይቅርታም የለኝም።»

«ማንም አልላከኝም። ውሃውን የደፋሁት እኔ ነኝ።»

አካፋው በረዶው ውስጥ ተሰክቶ ቀረ።

«ምን አሉኝ?»

«ካዝ ተኝቶ ነበር። ሲነቃም አልነገርኩትም። ያወቀው አንተ በሩን ስታንኳኳ ነው።»

«ለእኔ በቱቦ ነው ያለኝ።»

«የውጭ ቧንቧችን በረዶ እንዳይሰነጥቀው ከገና በፊት ጀምሮ ይዘጋል። በባልዲ ነው፣ አስራ አራት ባልዲ። ካዝ መዋሸት አይችልበትም ነበር።»

ቪንስ መንገዱን አሻግሮ የእነሱን በር አየ።

«ልጄ ስትዳር ካርድ ላከልኝ። ቀድጄ መልሼ በራችሁ ስር ጣልኩት። አይተዋል?»

«አይቻለሁ። ካዝ ለቅሞ ኪሱ ከተተው።»

«እርስዎ እያዩ?»

«እያየሁ።»

«ለአስራ አንድ ዓመት ከዚያ መስኮት ሆነው እያዩ።» አካፋውን ነቀለ። «ይሂዱልኝ፣ ወይዘሮ በርኒስ። እጄ ላይ አካፋ ሳይኖር ባገኝዎት ይሻለኛል።»

ሄደች። የባሰው ግን ገና ነበር።

ማታ በመጨረሻው የስንብት ሰዓት ቡና ክፍሏ ጢም ብላ ሞልታለች። ሎሬይን የወንድሟን ነፍስ ለቄሱ አደራ ስትሰጥ፣ «ያንን ኃጢአቱን ያቅልልለት» አለች።

«ኃጢአቱ የእሱ አይደለም» አለች በርኒስ።

ሁሉም ዞሩ። ቆማ ነገረቻቸው። አላሳመረችውም፣ አላሳጠረችውም።

ሎሬይን ሲኒዋን አስቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ ተናገረች።

«በየገናው ወንድሜን ከማዕዱ ጫፍ አስቀምጠው ነበር። ልጆቼን እንዳያቅፍ ከልክያለሁ። አንቺ አጠገቡ ተቀምጠሽ ድንች ታቀብይኝ ነበር።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት። በርኒስ ወደ አዳራሹ ስትመለስ ሎሬይንና ሴቶቹ ከወዲያኛው ግድግዳ ጋ ተቀምጠዋል፤ በእሷ በኩል ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ሳጥኑ ራስጌ ብቻዋን ቆመች። ካዝ አስራ አንድ ዓመት የኖረበት ቦታ ይህ መሆኑ አሁን ገባት፤ ሊቀበር አንድ ሌሊት ሲቀረው።

በሩ ተከፈተና ቪንስ ገባ። ያሰበውን ፊቱ ላይ ማንበብ አልተቻለም፤ ሎሬይን እንኳ ከወንበሯ ብድግ አለች። ማንንም ሳያይ በቀጥታ መጣና ከሳጥኑ ፊት ባለው መንበርከኪያ ላይ ተንበረከከ። ጓንቱን አወለቀ። በካዝ የተቆላለፉ እጆች ላይ እጁን ጫነ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ምን እንዳለ ግን ማንም አልሰማም። ብዙ ቆየ።

ሲነሳ በርኒስ እጇን ዘረጋችለት። እጇን አየው። ከዚያ አልፏት ሄዶ ሎሬይንን ጨበጠና ወጣ።

በርኒስ ወደ ሳጥኑ ዞራ የተዘረጋውን እጇን በባሏ እጆች ላይ አሳረፈች። ቪንስ የነካው ቦታ ገና ለብ ያለ ነበር። እስኪቀዘቅዝ ድረስ አላነሳችውም።