የእማዬ ፎልደር

ኮምፒውተሬ አዲሱን ሲስተም ልጫን ወይ እያለ ለሳምንታት ሲነዘንዘኝ ቆየ። አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ ጫን አልኩት። ጫነና ስቲከር መቁረጫ ማሽኔን አላውቀውም አለ። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ የሚግባባው ከድሮው ሲስተም ጋር ብቻ ነው። የሱቅ ማስታወቂያው፣ የመስታወት ላይ ጽሑፉ፣ እንጀራዬ በሙሉ ቆመ።

ከሱቄ ሁለት በር አልፎ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው አለ፤ ሰፈሩ ዶክተር ይለዋል። ወደ ድሮው እመልሰዋለሁ፣ ግን ዲስኩ ላይ ያለው ሊጠፋ ስለሚችል መጀመሪያ የግል ፋይሎችሽን ገልብጪ አለኝ። ሳላስጨርሰው ገልብጫለሁ አልኩት። መዋሸቴ አልነበረም። ጠዋት "እማዬ" የሚለውን ፎልደር ወደ ፍላሽ ጎትቼ ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ አለቀ። ሞኟ እኔ የፍላሹን ፍጥነት አደነቅኩ።

ፎልደሩ ውስጥ አርባ ሦስት የድምፅ ቅጂ አለ። የእናቴ ማንቁርት ከሦስት ወር በፊት በቀዶ ጥገና ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ድምፅ እንደማይኖራት ሐኪሙ ቁርጡን ሲነግረን፣ ለቀዶ ጥገናው የቀሩትን ሁለት ሳምንታት እግር በእግር እየተከተልኩ በስልኬ ቀዳኋት። ልጄን ስታባብል፣ ተረት ስትነግራት፣ እኔን ስትቆጣ፣ ስትስቅ። ስልኬ ሲሞላ ሁሉንም ወደ ሱቁ ኮምፒውተር አዛወርኩት። ልጄ ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስታድግ የአያቷን ድምፅ በሌላ በምንም ልታውቀው አትችልም። እናቴ አሁን እኛው ጋ ናት፤ የምትለውን በትንሽ ደብተር ትጽፋለች። ቅጂዎቹን አሰሚኝ ብላኝ አታውቅም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅኳትም።

ኮምፒውተሩን ለዶክተር ትቼ ለምሳ ቤት ገባሁ። ልቤ አላርፍ ስላለኝ ፍላሹን የባለቤቴ ላፕቶፕ ላይ ሰክቼ ፎልደሩን ነካሁት። የፈለጉት በዚህ አድራሻ የለም አለኝ። ምልክቱን አስተውዬ ሳየው ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት አለች። ያኔ ገባኝ። የገለበጥኩት ፎልደሩን ሳይሆን ወደ ፎልደሩ የሚወስደውን አቋራጭ ብቻ ነው። ቅጂዎቹ ዶክተር ጋ ካለው ዲስክ በስተቀር የትም የሉም።

ክው አልኩ። ዶክተር ጋ ደወልኩ፤ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ አያነሳም። ለሦስተኛ ጊዜ ስሞክር እናቴ ከኋላዬ ቆማ የላፕቶፑን ስክሪን እያነበበች ነበር። ደብተሯን ከኪሷ አላወጣችም። ከእኔ ቀድማ ጫማዋን አደረገች።

ልጄን ለባለቤቴ ትቼ ወጣን። መንገዱ የአሥር ደቂቃ ነው። እናቴ የምትተነፍሰው አንገቷ ላይ በተከፈተላት ቀዳዳ ስለሆነ መሮጥ አትችልም፤ እኔም ጥያት መሮጥ አልቻልኩም። እጇን ይዤ እየጎተትኳት በየእርምጃው አሁን ጠፋ፣ አሁን ጠፋ እላለሁ።

ዶክተር ጋ ስንደርስ ስክሪኑ ላይ የድሮው ሲስተም ሠላሳ ስምንት በመቶ ተጭኗል ይላል።

"ዶክተር፣ አልገለበጥኩም። አቁመው።"

የዶክተር ፊት ተለዋወጠ። መሃል ላይ ከተቋረጠ የባሰ ይበላሻል አለ። መጀመሪያ ዲስኩ ላይ ያለውን አጥፍቶ ጭኖት እንደሆነ ጠየቅኩት። ሳላጠፋ ከላይ ጭኜበት ከሆነ ሲስተሙ የቀድሞውን ፋይል ለብቻው ሰብስቦ ያስቀምጠዋል፤ አጥፍቼው ከሆነ ግን፣ ብሎ አቆመ።

"የቱን እንዳደረግኩ አላስታውስም፣ እህቴ። በቀን ስንቱን እሠራለሁ፤ እጄ ነው የሚሠራው። አንቺም ገልብጫለሁ ብለሽኛል።"

ልጮህበት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ብዬዋለሁ።

አርባ አንድ። አርባ ሁለት። እናቴ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቁጥሩን ታያለች፤ ትንፋሿ አንገቷ ላይ ያፏጫል። ስልሳ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ተገትሮ ቀረ። ከኩሽና ስትጠራኝ ስሜን እንዴት ትጎትተው እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። ስሜ መጣልኝ፤ ድምፁ አልመጣም። በሦስት ወር ውስጥ ከጆሮዬ ወጥቷል። ጠረጴዛውን ያዝኩ። እስከዚያች ደቂቃ ፈራሁ ያልኩት ፍርሃት አልነበረም።

ቁጥሩ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ። ዶክተር ዲስኩን ሲከፍት ማውሱ ባላበው እጁ ውስጥ ተንሸራተተ። የቀድሞ ፋይሎች የተሰበሰቡበት አንድ ፎልደር ወጣ። ወደ ውስጥ ገባ፣ አሁንም ወደ ውስጥ ገባ። "እማዬ።" አርባ ሦስት። መሥራቱን ሊያረጋግጥ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ የመጀመሪያውን ነካው።

"ያን ስልክ ከፊቴ አንሺው" አለች እናቴ በስፒከሩ። "ምን ሆንኩ ብለሽ ነው የምትቀጂኝ? የትም አልሄድም።" ከዚያ ሳቀች።

ወንበሩ ላይ ያለችው እናቴ ዘላ ተነስታ ስፒከሩን በሁለት እጇ ሸፈነችው። ዶክተር ደንግጦ ዘጋው። ዕንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች፤ ብዕሩ ወረቀቱን ሊቀድደው ምንም አልቀረውም።

"እኔ ድምፄን ገና መስማት አልችልም። ለልጅቷ ግን አሁኑኑ ገልብጪ፤ እያየሁሽ።"